መኪናዋ ጠዋት መልአክ፣ ቀትር ላይ ሌላ!

ዳገት መሃል "ድርግም" የምትል ያገለገለች መኪና ገዝተዋል? ዕቃ ከመቀየርዎ በፊት ይህን ያንብቡ

ዕለቱ ቅዳሜ ነው። ረፋድ ላይ። ባለታሪካችን እናቱን ጠበል ሊያደርስ ወደ እንጦጦ እየወጣ ነው። እናት ከኋላ ወንበር ነጠላቸውን ተከናንበው፣ የጠበል ጀሪካናቸውን በእግራቸው መሃል ይዘው ዳዊት ይደግማሉ። ሚስቱ ከጎኑ ተቀምጣለች። ሽሮ ሜዳን አልፈው ዳገቱን ተያያዙት።

መኪናዋ አላጉረመረመችም። አላሳላትም። አልተንገጫገጨችም። ልክ የሰፈር መብራት እንደሚሄደው "ድርግም" አለች!

መሪው እንደ ድንጋይ ከበደው። ፍሬኑ አንዴ ሁለቴ ያዘለትና ከዚያ ደነደነበት። መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ስትጀምር፣ ከበስተኋላ ደግሞ ጭነት ያጨቀ አይሱዙ ጡሩምባውን እያንባረቀ ይመጣል። ሰውየው የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጁ ጎተተው። አይሱዙው መሪውን ጠምዝዞ በስንዝር ርቀት አለፋቸው። ለጥቂት ጊዜ መኪናዋ ውስጥ የሚተነፍስ ሰው አልነበረም።

ከዚያ እናት ዳዊታቸውን አጠፉ። "ልጄ፣ እኔስ በእግሬም ቢሆን እደርሳለሁ። ጠበሉ የሚያስፈልጋት ለዚች ነው" አሉት።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቁልፉን ሲያዞረው መኪናዋ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ተነሣች። ይኸው ነው ነገሩን የባሰ ያደረገው!

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ሰው ወደ ዝግጅት ክፍላችን ብቅ ያለው ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ነው። የመጣበት ጥያቄ ደግሞ የመኪና ጥያቄ ብቻ አልነበረም። "ልሽጣት ወይስ ላሠራት? ልሽጣት ካልኩስ፣ ሕመሟን ተናግሬ ነው ደብቄ?" የሚል ነበር። ታሪኩን ስንሰማው የሱ ብቻ ሆኖ አላገኘነውም። ያገለገለ መኪና ከገዛ ሰው ሁሉ ቤት ጎራ የሚል ጣጣ ነውና እነሆ ስሙን ትተን ጉዳዩን አቅርበነዋል።

የዕቁብና የሐብል መኪና

ባለታሪካችን ደመወዝተኛ ነው። ሁለት ልጆች አሉት። ዓመታት የጣለው ዕቁብ ሲደርሰው የጎደለውን የሞላችው ሚስቱ ናት። ከሠርጓ ቀን ጀምሮ አንገቷ ላይ የነበረውን የወርቅ ሐብል ሸጠች። የተገዛችው መኪና የጃፓን ሥሪት የቤት አውቶሞቢል ናት፤ ዕድሜዋ ከባለቤቱ የሥራ ዘመን የሚበልጥ።

ዛሬ እንዲህ ያለችው አሮጌ መኪና ርካሽ አይደለችም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጫነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ታገደ። እናላችሁ፣ አገር ውስጥ ያሉት አሮጌዎች ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። አንዱ የተማረረባትን ሌላው በደስታ ይረከባታል። ሕመሟም አብሮ ስሙ ይዞራል!

ደላላው መኪናዋን ያሳየው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነበር። "ባለቤቷ ቀን ቀን ሥራ ላይ ስለሆነ ነው" ተባለ። ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞሩ። አሥር ደቂቃ አይሞላም። "ሞተሯን ስማት እስቲ! እንደ ሰዓት እኮ ነው የምትቆጥረው" አለ ደላላው። እውነትም እንደ ሰዓት ትቆጥር ነበር። ውል ተፈረመ፣ ሊብሬው ስም ዞረ፣ ቤት ውስጥ ቡና ተፈላ።

በሳምንቱ፣ ከሥራ መልስ፣ ቀለበት መንገድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ አለች።

"አገኘሁት!" የሚሉ አራት ሰዎች

የመጀመሪያው ጋራዥ "ባትሪ ነው" አለ። ባትሪ ተቀየረ። ሦስት ቀን ደህና ሆነች፤ በአራተኛው ጠፋች። ሁለተኛው "አይ፣ ካንዴላ ነው" አለ። አራቱም ካንዴላዎች ተቀየሩ። ሦስተኛው "ማን ነው ካንዴላ ያለህ? የነዳጅ ፓምፕ ነው እንጂ!" ብሎ ፓምፕ አስቀየረው። አራተኛው የነዳጅ ማጠራቀሚያዋን አውርዶ አጠበ፤ ፊልትሮም ለወጠ። እያንዳንዱ "አገኘሁት!" ይላል። እያንዳንዱ ገንዘቡን ይቀበላል። መኪናዋ ጋራዥ ስትደርስ ደግሞ ቀዝቅዛ ስለምትደርስ ጤነኛ ናት። የጥርስ ሕመም ሐኪም ቤት በር ላይ ሲደርሱ እንደሚተወው ማለት ነው።

በዚህ መሃል የወጣው ገንዘብ 40 ሺ ብር አለፈ። ቤት ውስጥ ዝምታ ወረደ። ሚስት የተናገረችው አንድ ቀን ብቻ ነበር። "ወርቄን ቤንዚን አድርገህ አቃጠልከው" አለችው። ከዚያ ወዲያ ስለ መኪናዋ አልተነሣም፤ ዝምታው ግን ከጭቅጭቁ ይብስ ነበር ይላል ባለታሪካችን።

ደላላው ጋ ደወለ። ደላላው ሳቀ። "ምን ያስጨንቅሃል? ጠዋት ጠዋት እናሳያታለን። ገዢው አሥራ አምስት ደቂቃ ከነዳት በቂው ነው!"

ይኼኔ ነው ሰውየው እሱም እንዴት እንደገዛት የገባው። እኛ ዘንድ የመጣውም በዚያው ሳምንት ነው።

"እሱን ተወው፤ መቼ ነው የምትጠፋው?"

እኛ መካኒክ አይደለንም። ስለዚህ ሠላሳ ዓመት ያህል በመኪና ሆድ ውስጥ የኖሩ፣ ስማቸው እንዳይጠቀስ የፈለጉ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ይዘነው ሄድን። ባለታሪካችን የተቀየሩትን ዕቃዎች መዘርዘር ሲጀምር እጃቸውን አወዛወዙ።

"እሱን ተወው። ምን እንደቀየርክ አልጠየቅኩህም። መቼ ነው የምትጠፋው?"

"አንዳንድ ጊዜ ነው ጋሼ።"

"'አንዳንድ ጊዜ' የሚባል ሰዓት የለም። ሂድና ለአንድ ሳምንት ጻፍልኝ። ስንት ደቂቃ ተነዳች? ፀሐይ ነው ዝናብ? ዳገት ነው ሜዳ? ቤንዚኑ ስንት ነው? ስትጠፋ የዳሽቦርዱ መብራት አለ ወይስ አብሮ ይጠፋል? ቆማ ስንት ደቂቃ ቆየች? ይህን ሳታመጣ አንድ ብሎን እንዳትፈታ!"

አዛውንቱ እንደሚሉት የቤንዚን ሞተር ፍላጎቱ ብዙ አይደለም። ቤንዚን ይፈልጋል፤ አየር ይፈልጋል፤ በትክክለኛው ሰዓት ከካንዴላው የሚፈነጥቅ እሳት ይፈልጋል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ይደክማል ወይ ይጠፋል። የትኛው እንደጎደለ የሚናገረው ደግሞ አጠፋፉ ነው። እስቲ በየተራ እንያቸው።

1. ሁሉም ነገር አብሮ ከጠፋ። ሞተሩም፣ የዳሽቦርዱም መብራት፣ ሬዲዮውም በአንድ ጊዜ ጸጥ ካሉ መጀመሪያ የሚታየው የባትሪው ራስ ነው። የላላ ወይም ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር የበላው ማሠሪያ፣ ወደ መኪናው አካል የሚሄደው የመሬት ገመድ፣ ወይም ያረጀ የቁልፍ ማብሪያ ይህን ያደርጋል። ብዙ ጊዜ ማጽዳትና ማጥበቅ ይበቃዋል። የባትሪው መብራት ቀድሞ በርቶ፣ የፊት መብራቷም ቀስ በቀስ ደብዝዞ ከጠፋች ግን ዲናሞውን ጠርጥሩ፤ ባትሪ መቀየር ለሁለት ቀን ማታለያ ነው።

2. እየደከመች፣ እየተንገጫገጨች ከጠፋች። ዳገት ላይ ወይም ለመቅደም ሲረግጧት ትንፋሽ የሚያጥራት፣ ሜዳ ላይ ደህና የምትሆን ከሆነች ቤንዚን በበቂ እየደረሳት አይደለም። የተደፈነ ፊልትሮ፣ የደከመ ፓምፕ፣ ከታች ዝቃጭ ያጠራቀመ ማጠራቀሚያ ተጠርጣሪዎች ናቸው። ነዳጅ በቀዱ ማግስት የጀመራት ከሆነ ውሃ ሊኖረው ይችላል። መካኒኩ በጠራ ጠርሙስ ትንሽ ቀድቶ ቢያስቀምጠው ውሃው ከቤንዚኑ ተለይቶ ከታች ይዘቅጣል፤ በዓይን ይታያል። ይህ ሲሠራ ሲጋራም ክብሪትም አጠገቡ አይድረስ!

እዚህ ላይ አንድ የከተማችን ልማድ አለ። ሁልጊዜ ቀዩ መብራት እስኪበራ ድረስ መንዳት። በኢንጀክሽን መኪኖች ፓምፑ የሚቀመጠው እዚያው ማጠራቀሚያው ውስጥ ነው፤ የሚያቀዘቅዘውም ቤንዚኑ ራሱ ነው። ቤንዚኑ ሁልጊዜ ከታች ከሆነ ፓምፑ ይሞቃል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ከሩብ በታች እንዳይወርድ ያድርጉ።

3. ቆማ የምትጠፋ፣ ስትሄድ ደህና የሆነች። የትራፊክ መብራት ላይ፣ መጨናነቅ ውስጥ፣ ኤሲ ሲበራ ወይም መሪ እስከ ጥግ ሲጠመዘዝ የምትጠፋ ከሆነች ችግሩ ያለው "ሚኒሞ" የሚሉት ዝቅተኛ ዙሯ ላይ ነው። አየር የሚገባበት በር በጥላሸት ተደፍኖ፣ ዙሩን የሚቆጣጠረው ቫልቭ ቆሽሾ፣ ወይም አንድ የጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ አየር ያለ አግባብ እየገባ ሊሆን ይችላል። ይህ ብዙውን ጊዜ በጽዳት የሚድን ነው። ፓምፕ የሚያስቀይርዎ ሰው ከመጣ "ቆይ እስቲ" ይበሉት!

4. የማትጠፋ፣ ግን ጉልበቷ ያለቀ። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ አትሄድም። ዙር አልጨምር ትላለች። የአየር ፊልትሮዋን አውጥተው ይመልከቱ፤ አቧራማ መንገድ ላይ የምትነዳ መኪና ፊልትሮ ቶሎ ይደፈናል። እሱ ደህና ከሆነ ደግሞ ጭስ ማውጫውን ያስመርምሩ። እዚያ ያለው ጭስ የሚያጣራው ካታሊቲክ ከተደፈነ ሞተሩ ትንፋሹን ማስወጣት ያቅተዋል። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ ወይም ከመኪናዋ ሥር የሚመጣ ያልተለመደ ሙቀት ምልክቱ ነው።

ይህን ስንል አንድ ነገር አይርሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያም ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ስለዚህ ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲወጣ ጉልበቱ መቀነሱ የተፈጥሮ ነው። ከአባይ በረሃ ወደ ጎሐ ጽዮን ወይም ወደ ደጀን ሽቅብ የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ያ ዳገት ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። መለያው ይኸውልዎ፦ መኪናዎ አምና በሦስተኛ ማርሽ የወጣችውን ዳገት ዘንድሮ በሁለተኛ የምትለምን ከሆነ አየሩ አይደለም፣ እሷው ናት።

5. ከዝናብ ወይም ከእጥበት በኋላ። የተሰነጠቀ የካንዴላ ገመድ ወይም ክዳን እርጥበት ሲያገኝ እሳቱን ያባክናል። ሞተር ላይ ውሃ በግፊት አስረጭቶ "አሳጠብኳት" ብሎ የሚኮራ ሰው ይህን ይወቅ።

6. ሲሞቃት እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የምትጠፋ፣ ሲበርዳት የምትነሣ። ማስጠንቀቂያ የለም፤ ማሳል የለም። ጥፍት! ከሃያ ሠላሳ ደቂቃ በኋላ ደግሞ ጤነኛ። ይህ ብዙ ጊዜ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠባይ ነው። የካንዴላውን እሳት የሚያመነጨው "ቦቢና" ወይም ኮይል፣ በአዳዲሶቹ ደግሞ የሞተሩን ዙር ለኮምፒዩተሩ የሚናገረው ሴንሰር፣ ሲያረጁ ሙቀት አይችሉም። ሲሞቁ ውስጣቸው ያለው ቀጭን ሽቦ ይለያያል፣ ሲቀዘቅዙ ይገናኛል። ያረጀ ፓምፕም አንዳንዴ እንዲሁ ያደርጋል፤ ስለዚህ በግምት አይቀየርም፣ ይፈተናል።

በነገራችን ላይ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ወጥቶ ከጠፋች ሌላ ጉዳይ ነው። እንደገና አያስነሷት። ራዲያተሩንም ትኩስ ሳለ አይክፈቱት፤ ፊት ያቃጥላል።

የሚስት ደብተርና የፀጉር ማድረቂያ

ወደ ባለታሪካችን እንመለስ። ሳምንቱን የጻፈው እሱ አይደለም። ሚስቱ ናት! "አንተ ስትናደድ ሰዓት አታይም" ብላ የአስቤዛ ሂሳብ በምትይዝበት ደብተር ጀርባ ላይ ጻፈችው። አዛውንቱ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት።

"ማክሰኞ፣ ጠዋት፣ 20 ደቂቃ፣ ደህና። ረቡዕ፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ፀሐይ፣ ከ35 ደቂቃ በኋላ ጠፋች፤ የዳሽቦርድ መብራት አለ፤ 25 ደቂቃ ቆማ ተነሣች። ሐሙስ፣ ዝናብ፣ ቀኑን ሙሉ ደህና። ዓርብ፣ መጨናነቅ፣ ቤንዚን ሩብ፣ 40 ደቂቃ፣ ጠፋች። ቅዳሜ፣ ቤንዚን ሙሉ፣ 35 ደቂቃ፣ ጠፋች።"

ደብተሩን ዘጉት። "መብራቱ ስላለ ባትሪ አይደለም። ቤንዚን ሙሉም ሩብም ሆኖ ስለምትጠፋ የዝቃጭ ነገር አይመስልም። ዝናብ ስለማይነካት የገመድ መሰንጠቅ አይደለም። ሙቀት ነው። ልጄ፣ አንቺ ጋራዥ ክፈቺ!"

ሚስት ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቀች።

በማግስቱ ጠዋት መኪናዋን ቀዝቃዛ አድርገው አስመጧት። ከዚያ ያደረጉትን ብናይ ሳቃችን መጣ። ጎረቤት ካለው የሴቶች ፀጉር ቤት ፀጉር ማድረቂያ ተዋሱ! ሞተሩን አስነሡ፣ ኮፈኑን ከፈቱ፣ እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር ብቻ በትኩስ አየር ያሞቁት ጀመር። ቦቢናው ያለው በሷ መኪና ላይ እዚያው ውስጥ ነው። ሌላው ሞተር ገና አልሞቀም። ጥቂት ደቂቃዎች አለፉ። "ድርግም!" ልክ እንደ እንጦጦው። እሳት መኖሩን በመፈተሻ መብራት አዩ፤ የለም። ቡና ጠጥተን እስክንመለስ ቀዘቀዘ። እሳቱ ተመለሰ፣ መኪናዋም ተነሣች።

"ይኸው እጅ ከፍንጅ!" አሉ አዛውንቱ።

ዕቃው ከመርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ ተገዛ። ዋጋው መጀመሪያ በከንቱ ከተቀየረው ባትሪ ያነሰ ነበር።

ድንገት ቀጥ ስትልብዎ

ዕቃው ይቆይ፤ ነፍስ ትቀድማለች። መኪናዋ እየሄደች ከጠፋችብዎ እነዚህን ያስታውሱ።

አንደኛ፣ አይደንግጡ፤ ፍሬን አለዎት። ሞተር ቢጠፋም ለአንድና ለሁለት ጊዜ መርገጫ የሚሆን እገዛ ተጠራቅሞ ይቆያል። ስለዚህ ፍሬኑን ደጋግመው እየነኩ አይጨርሱት። አንዴ አጥብቀው ረግጠው ይያዙት። ከዚያ በኋላም ይይዛል፣ ግን ሙሉ ጉልበትዎን ይፈልጋል።

ሁለተኛ፣ መሪው ይከብዳል እንጂ አይቆለፍም። የሚቆለፈው ቁልፉን ወደ መጨረሻው መልሰው ካወጡት ነው። እየሄደች ሳለ ቁልፉን በፍጹም አያውጡ!

ሦስተኛ፣ አራቱንም ፍሬቻ ያብሩ። ባላት ፍጥነት ተጠቅመው ወደ ቀኝ ዳር ያውጧት። ማንዋል ከሆነች ፍሪሲዮን ይርገጡ፣ አውቶማቲክ ከሆነች ማርሹን ኤን ላይ ያድርጉ። ሜዳ ላይ ከሆኑ እዚያው ሞተሩን ለማስነሣት መሞከር ይችላሉ።

አራተኛ፣ ዳገት ላይ ከሆኑ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፤ ጎማው ሥር ድንጋይ ይደረግ። ሰዎች ከመንገዱ በሌላው ወገን ወርደው ከመኪናዋ ራቅ ይበሉ። ሦስት ማዕዘኑን ወደ ኋላ ርቀት ላይ ያስቀምጡ። ከመኪናዋ ኋላ ቆሞ ኮፈን ውስጥ ያለውን ሰው መጠበቅ፣ ወይም ዳገት ላይ ከኋላ መግፋት፣ በገዛ እጅ አደጋ መጥራት ነው።

ሊገዙ ከሆነ፦ ቀትር ላይ!

ያገለገለች መኪና ሊገዙ ነው? የአዛውንቱ ምክር አጭር ነው። "ሁለት ጊዜ እያት። ቀዝቅዛ አንዴ፣ ግላ አንዴ።"

ቀዝቅዛ ማለት ሲደርሱ ኮፈኗን በእጅዎ ይንኩ። ሞቃ ከጠበቀችዎ ጠዋት የመነሣት ችግሯን ደብቀውልዎት ሊሆን ይችላል። ግላ ማለት ደግሞ ቢያንስ 45 ደቂቃ፣ ከተቻለ አንድ ሰዓት ይንዷት። ዳገት ያውጧት፣ መጨናነቅ ውስጥ ኤሲ አብርተው ያቁሟት፣ መሪዋን እስከ ጥግ ያዙሩ። ግላ ሳለች አጥፍተው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ያስነሷት። "ቤንዚን የለውም" ካሉዎት ቤንዚኑን እርስዎ ይቅዱላት፤ ከኋላ ከሚመጣው ወጪ ይረክሳል።

ሌላም አለ። ቁልፉን ግማሽ ሲያዞሩ የሞተር ምልክት ያላት ቢጫ መብራት ልትበራ ይገባል፤ ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ ልትጠፋ። ከመጀመሪያውም የማትበራ ከሆነች አንድ ሰው አምፖሏን ነቅሏት ይሆናል። የማትናገረው ስለሌላት አይደለም፤ አፏን አሲዘዋት ነው። ኮምፒዩተር የሚያነብላት መኪና ከሆነች ያስነብቡ፤ ቢቻል ከረጅሙ ጉዞ በኋላ። ከጉዞው በፊት የተሰረዘ ስሕተት ከጉዞው በኋላ ሊመለስ ይችላልና።

ተታለው ከሆነስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ ያደርገዋል። ግን ገዢም ድርሻ አለበት። ዕቃውን ሳይዘገይ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ወዲያውኑ ለሻጩ ማስታወቅ ይጠበቅበታል። በዓይን የሚታየውን ጉድለት እያዩ ከገዙ በኋላ መክሰስ አያዋጣም። ኃላፊነትን የሚያስቀር ቃል ውሉ ውስጥ ቢገባም፣ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል የሸሸገን ሻጭ አያድነውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ከጠፋችብዎ በስልክ ከመጨቃጨቅ ይልቅ በጽሑፍ ያስታውቁ፣ ግልባጩን ያስቀሩ፣ የሕግ ባለሙያም ያማክሩ። የኛ ሰው አራት ጋራዥ ሲዞር ወራት ስላለፉበት ይህን አላደረገም። "ያን ጊዜ ያነበበልኝ ሰው በኖረ" ይላል።

እና ሸጣት?

ዕቃው ከተቀየረ ወዲህ መኪናዋ አልጠፋችም። የሚስት ደብተር አሁን የሚቀመጠው ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ነው። ዘይት የተቀየረበት ቀን፣ ፊልትሮ የተለወጠበት ኪሎ ሜትር፣ አዲስ የመጣ ድምፅ ሁሉ ይጻፍበታል። ሐብሉ ገና አልተተካም። ግን ዕቁብ እንደገና ተጀምሯል፤ አሁን የሚጣለው በሷ ስም ነው።

ባለፈው አንድ ቅዳሜ እናትን ይዘው እንጦጦ ወጡ። ያቺ የጠፋችበት መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ዝም አሉ። አለፏት። እናት ከኋላ ሆነው፣ "ለካ እኔ ሳላውቅ አስጠምቃችኋታል" አሉ።

ደላላው ያኔውኑ መልሶ ደውሎ ነበር። "ገዢ አግኝቻለሁ፤ ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይዘሃት ና" አለው። ባለታሪካችን የመለሰለትን እኛም ወደነዋል።

"አልሸጥም። የምሸጥ ቀን ግን ገዢውን ቀትር ላይ አምጣው። ከነደብተሯ አሳየዋለሁ።"